ከበርበራ ያመጣናት ወንፊት

በትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ እኛ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ምክር ነው፤ አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ስልክ ቀንሱ እንላለን። ምክሩ አሁንም አልተሻረም። ዘንድሮ ግን እኔና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በዓይን ከማትታይ አንዲት የባሕር ፍጡር ጋር ያሳለፍናቸውን ወራት ላጫውታችሁ። ሥራችን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ይህች ነገር ምንድን ናት? አገሯስ የት ነው? ጥያቄዎቹ ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመመለስ ከባድ ሆነው አገኘናቸው። ሁለተኛውን ደግሞ በሐርጌሳ የሚያድግ የኛ ልጅ ሁሉ ስለ ራሱ ተጠይቆታል።

ፍጡሯ ዲያቶም ትባላለች። ዲያቶሞች በባሕር፣ በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በርጥብ አለት ላይ ሳይቀር የሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። በዓለም ላይ በፎቶሲንተሲስ ከሚመረተው ኦክስጅን አምስት አንደኛ ያህሉ የነሱ ሥራ እንደሆነ ይገመታል። ከሌሎች ደቃቅ ፍጥረታት የሚለያቸው ቤታቸው ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ሲሊካ እየወሰዱ የመስታወት ዛጎል ይሠራሉ። ዛጎሉ ልክ እንደ ሙዳይ ነው፤ ከታች እቃው፣ ከላይ ክዳኑ፣ ክዳኑም በትንሹ ሰፋ ብሎ የታችኛውን ይገጥመዋል። በዛጎሉ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ቀዳዳዎችና መስመሮች አሉ። ዲያቶሞችን የሚያጠኑ ሰዎች አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩት በዋነኛነት በነዚህ ቀዳዳዎችና መስመሮች ነው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ10,000 በላይ ናቸው። ገና ያልታወቁትን ጨምረው ሲገምቱ ግን 20,000 የሚሉም፣ 200,000 የሚሉም ሊቃውንት አሉ።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የከተማዋ ስም ባሕር ቢልም ውሃዋ ጣና ነው፣ አይጨውም። ጨዋማውን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ለሥራ ሐርጌሳ ከመጣሁ በኋላ በርበራ ወርጄ ነው። የብዙዎቹ ተማሪዎቼ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በርበራን እንደ ሰፈራቸው ያውቁታል፤ ጣናን የሚያውቁት ከወላጆቻቸው ወሬና ከሥዕል ነው። ስለ ዲያቶም ሳስተምር የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል ብቻ አሳይቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ባሕሩ ከበራችን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጦ እያለ ግን በሥዕል መማር ንፉግነት መሰለኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ወላጆች ተባብረው በተከራዩት ሚኒባስ ሄድን። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ማለዳ ሹራብ ለብሰን ወጥተን በርበራ ስንደርስ ሁላችንም አውልቀን ነበር። መረባችንን የሰፉልን ልብስ ሰፊ የሆኑ የአንዱ ተማሪያችን እናት ናቸው። ዓይኑ እጅግ ጠባብ የሆነ የገበር ጨርቅ መርጠው እንደ ጥሩንባ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ አድርገው ሰፉት። አፉን በሽቦ ቀለበት ወጠርነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሰርን። ተማሪዎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በተራ ጎተቱት። ውሃው በጨርቁ ያልፋል፤ ማለፍ ያልቻለው ደቃቅ ነገር ጠርሙሱ ውስጥ ይጠራቀማል። በናሙናው ላይ ከመድኃኒት ቤት የገዛነውን አዮዲን ጥቂት ጠብታ ጨመርንበት፤ እንዳይበላሽ ነው።

አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና በዚህች መረብ ምን ልታጠምዱ ነው ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ «አዴር» እያሉ በሶማሊኛ አስረዷቸው። ሽማግሌው ሳቁና አንድ ነገር ተናገሩ። አንዷ ተማሪ ተረጎመችልኝ፦ «ቲቸር፣ ባሕሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ በሐጋም ኑ ነው የሚሉት። ያኔ ባሕሩ ሌላ ነው አሉ።» ሐጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው፣ ነፋሱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ትናንሽ ጀልባዎች በዚያ ወቅት ብዙ አይደፍሩም። ንግግራቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፤ በኋላ ለምን እንደጠቀመን እነግራችኋለሁ።

የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ነገሮችን እስከ 400 እጥፍ ያጎላል። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርገን ስናይ መጀመሪያ ያገኘነው አሸዋና የገበሩን ክር ነበር። ቀጥሎ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ቀጥሎም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሆነው ከጎናቸው ረጃጅም ፀጉር የወጣላቸው መጡ። በመጨረሻ አንዲት ፍጹም ክብ የሆነች መጣች። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀዳዳ የተሞላች፣ ቀዳዳዎቿም ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጨረር የተሰለፉ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ተራ እስኪደርሰው ይጠብቅ ነበር።

በዚያው ሰዓት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት አያት በር ላይ ቆመው ነበር። «እማማ፣ ይግቡና ይዩ» አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አጎንብሰው አዩ። ቀና ብለው «ልጄ፣ ይቺማ ወንፊት ናት» አሉኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ፍጡሯ የምትመደብበት ወገን በሳይንስ ስሙ ኮሲኖዲስከስ ይባላል። የቃሉ መነሻ የግሪኩ ኮስኪኖን ሲሆን ትርጉሙ ወንፊት ነው። ወንፊት የመሰለች ሰሃን ማለት ነው። እማማ ዱቄት ሲነፉ በኖሩበት ዓይን አይተው ሊቃውንቱ የሰጧትን ስም ሰጧት።

ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1839 ያወጣው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤረንበርግ ለኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከቪልሄልም ሔምፕሪሕ ጋር ግብጽንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየዞረ ዕፅዋትና እንስሳት ሰብስቧል። ሔምፕሪሕ በ1825 ምፅዋ ላይ በንዳድ ታሞ ሞተ፤ ኤረንበርግ ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የቀረ ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ነው። ወደ 40,000 የሚጠጉ የማይክሮስኮፕ ናሙናዎቹና 3,000 ያህል ሥዕሎቹ ዛሬም በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። ተማሪዎቼን የገረማቸው ብዛቱ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከየት እንደመጣ ተጽፎበታል።

የወገኗን ስም አወቅን። የሳይንስ ስም ግን ሁለት ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ በሳይንስ ተገልብጦ የወገኑ ስም ይቀድማል፣ የዝርያው ስም ይከተላል። ጭቅጭቁ የተነሳው በሁለተኛው ስም ነው። ጎበዝ የሆነ አንድ ተማሪ በስልኩ ላይ ሥዕል አገኘና «ቲቸር፣ አገኘኋት! ኮሲኖዲስከስ ዌይልሲ ናት። ቁርጥ እሷን!» አለ። በወላጆች ቀን በሚለጠፈው ካርቶን ላይ ስሙን በትልቁ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። ግማሹ ክፍል ደገፈው። ሙሉ ስም ሳይኖረው የሚለጠፍ ሥራ ያላለቀ ይመስላል አሉ።

እስቲ እንለካት አልኋቸው። በ100 እጥፍ ማጉሊያ የሚታየው ክብ ሜዳ ስፋቱ በማስመሪያ ሲለካ 1.8 ሚሊ ሜትር ሆነ። የኛዋን የመሰሉ ዘጠኝ ያህል ጎን ለጎን ቢደረደሩ ሜዳውን ይሞሉታል። ስለዚህ የአንዷ ስፋት 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 200 ማይክሮሜትር ያህል ነው። መጻሕፍት ዌይልሲ የሚባለውን ዝርያ ከ280 እስከ 500 ማይክሮሜትር ይሉታል። «እንግዲያው አይደለችም» አለች አንዷ። እሱም አልቸኮለም፤ አንብቦ መጣና ዲያቶም በተከፋፈለች ቁጥር እንደምታንስ ነገረን። እውነቱን ነው። ሙዳዩን አስቡት። እናቲቱ ለሁለት ስትከፈል አንዷ ልጅ ክዳኑን፣ ሌላዋ የታችኛውን ትወርሳለች። ሁለቱም የወረሱትን ክዳን አድርገው ከሥሩ አዲስ እቃ ይሠራሉ። ክዳኑን የወረሰችው እንደ እናቷ ስትሆን የታችኛውን የወረሰችው በትንሹ ታንሳለች። ይህ ከትውልድ ትውልድ ይቀጥልና በመጨረሻ በፆታዊ መራባት እንደገና ወደ ትልቁ መጠን ይመለሳሉ። ስለዚህ ስፋት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

እንግዲህ የሚቀረው ቀዳዳዎቹን መቁጠር ነው። በ10 ማይክሮሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ አለ? መሐሏ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ምን ቅርጽ አለው? በዳሯ ላይ ያሉት ደቃቅ ቱቦዎች ስንት ረድፍ ናቸው? ይህን በእርግጥ ለማየት ሕዋሱን በኬሚካል አጥቦ ባዶውን መስታወት ማስቀረት፣ ብዙ ጊዜም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የለንም። ታዲያ ካርቶኑ ላይ የምንጽፈው ምንድን ነው?

መልሱን ያመጣው ራሱ ተማሪው ነው። የዌይልሲን ታሪክ ሲያነብ እንግሊዝ ደረሰ። በ1977 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባሕር የዓሣ አጥማጆች መረብ በግራጫ ልጋግ ተሞልቶ እየከበደ አስቸገራቸው። በፕሊመዝ ያሉ የባሕር ተመራማሪዎች ልጋጉን የምታወጣው አንዲት ትልቅ ክብ ዲያቶም እንደሆነች ደረሱበት። መጀመሪያ ኮሲኖዲስከስ ኖቢሊስ ብለው አሳተሙ። በኋላ ግን በደንብ ሲመረመር ዌይልሲ ሆና ተገኘች፤ በ1931 ከሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ስም የወጣላት ዝርያ ናት። ተማሪው ይህን ለክፍሉ አንብቦ ሲጨርስ «ቲቸር፣ እነሱ በሙሉ ላቦራቶሪ ስሟ ካምታታቸው እኛ በስልክ ሥዕል አንጽፍም» አለ። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጠመና ኪሱ ከተተ።

ስም እንዲህ ያህል ያስጨንቃል ወይ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ያስጨንቃል። በ1987 መጨረሻ በካናዳ፣ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አካባቢ በረባ ሙስል የሚባል የዛጎል ምግብ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ቢያንስ ሦስቱ ሞቱ። ከተረፉት መካከል የቅርብ ጊዜ ትዝታቸው የጠፋባቸው ነበሩ። መርዙ ዶሞይክ አሲድ ሲሆን የመጣውም ሙስሎቹ ከበሏት ሱዶኒችያ ከምትባል ቀጭን ዲያቶም ነው። በዚያ ወገን ውስጥ መርዝ የሚያወጡና የማያወጡ ዝርያዎች አሉ። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በዛጎላቸው ላይ ባሉ የቀዳዳ ረድፎች ነው። እዚህ ላይ ስም ማሳሳት ማለት የሚበላውን አይበላም፣ የማይበላውን ይበላል ማለት ነው። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ስም በትልቁ መጻፍ ስለዚህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚያምንህን ሰው ማሳሳት ነው።

የፕሊመዟ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳ። በርበራ ላይ የተረጎመችልኝ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኛዋስ የበርበራ ተወላጅ ናት ወይስ መጤ?» አለች። አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፣ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ይህች ልጅ ሐርጌሳ ተወልዳ ሐርጌሳ ያደገች ናት። እዚህ ከየት ነሽ ሲሏት ኢትዮጵያ ትላለች፤ ክረምት ለእረፍት አዲስ አበባ ስትሄድ ዘመዶቿ «የሶማሌላንዷ መጣች» ይሏታል። መጤ የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ጥያቄው ስለ ዲያቶም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የማውቀው መልስ ግን ስለ ዲያቶም ነበርና እሱን በጥንቃቄ ልመልስ ወሰንሁ።

አንድ ፍጡር መጤ ነው ለማለት ምስክር ያስፈልጋል አልኋት። በፕሊመዝ ምስክር ነበራቸው። በእንግሊዝ ዙሪያ ባሉት ባሕሮች ከ1931 ጀምሮ መርከቦች ከኋላቸው መሣሪያ እየጎተቱ የባሕሩን ደቃቅ ፍጥረታት በየጊዜው ይሰበስባሉ፤ መዝገቡ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል። ያቺን የመሰለች ትልቅ ዲያቶም ከ1977 በፊት በመዝገቡ ስላልነበረች አዲስ መጣች ማለት ቻሉ። በመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ወይም ከሌላ አገር ከመጣ ኦይስተር ጋር ሳትመጣ አልቀረችም ይላሉ። ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ማለት ባዶውን የሚጓዝ መርከብ እንዳይንገዳገድ ከአንዱ ወደብ ሆዱ ውስጥ ሞልቶ፣ ዕቃ በሚጭንበት ወደብ የሚደፋው ነው። ከውሃው ጋር ደቃቅ ፍጥረታት አብረው ይጓዛሉ። ለዚህም ሲባል መርከቦች ይህን ውሃ እንዲያክሙ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። በርበራም ከጥንት ጀምሮ ወደብ ናት፤ ፍየልና በግ የሚጭኑት መርከቦች ባዶ ሆነው ነው የሚመጡት። ስለዚህ በመርከብ መጥታ ሊሆን ይችላል። ኮሲኖዲስከስ በየሞቃቱ ባሕር የሚገኝ ወገን ስለሆነ ደግሞ ከመርከብ በፊት እዚሁ ኖራም ሊሆን ይችላል። ለመወሰን ዓመታት የተቆጠሩበት መዝገብ ወይም የባሕሩ ጭቃ ያስፈልጋል።

ጭቃ እንዴት ይመሰክራል ላለን ደግሞ ምሳሌው ከአገራችን አይርቅም። ዲያቶም ስትሞት የመስታወት ዛጎሏ አይበሰብስም፤ ወደ ታች ሰምጦ ከደለሉ ጋር ይነባበራል። ፍራንሷዝ ጋስ የተባሉ ፈረንሳዊት ሊቅ አዋሽ ከሚያልቅበት ከአቤ ሐይቅና ከሌሎች የአፋር ሐይቆች ደለል ዲያቶሞችን እየለዩ፣ ሐይቁ መቼ ሞልቶ መቼ እንደጎደለ፣ መቼ ጨውቶ መቼ እንደጣፈጠ እስከ 70,000 ዓመት ወደ ኋላ ሄደው አነበቡ። በ1986ም ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዲያቶሞች ማንነትና መኖሪያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ ሁሉ ግን የተቻለው ሰው ሄዶ፣ ቆፍሮ፣ ቆጥሮ ስለጻፈው ነው።

ሰው ሄዶ ካላየስ? እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ የኤረንበርግን ሌላ ታሪክ ነገርኋቸው። ቻርልስ ዳርዊን በ1832 ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ ባሉት በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሳለ ከሰማይ የሚወርድ ደቃቅ አቧራ ሰበሰበ። በኋላ በሌሎች መርከቦች ላይ ከወረደው አቧራ ጋር በአምስት ትናንሽ ጥቅል ለኤረንበርግ ላከለት። ኤረንበርግ በውስጡ 67 ዓይነት ደቃቅ ቅርጾች ለየ፤ ከሁለቱ በስተቀር የባሕር ሳይሆኑ የጣፋጭ ውሃ ነበሩ። ነገር ግን የአፍሪካ ብሎ ከሚያውቃቸው አንዱም አልነበረም፤ በተቃራኒው በደቡብ አሜሪካ ብቻ ይኖራሉ ብሎ የሚያውቃቸውን ሁለት አገኘ። ዳርዊን በነፋሱ አቅጣጫና በወራቱ አይቶ አቧራው ከአፍሪካ እንደመጣ እርግጠኛ ነበርና ነገሩ ግራ አጋባው። ዛሬ የሰሃራ አቧራ በዚያ ላይ እያለፈ አትላንቲክን እንደሚሻገር በሳተላይት ይታያል። ከአቧራው ብዙው የሚነሳው ደግሞ በቻድ ከደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል፣ ከዲያቶም ዛጎል ክምር ነው።

ታዲያ ኤረንበርግ ዓይኑ ደክሞ ነው? አይደለም፤ በዘመኑ ከሱ የተሻለ የሚለይ አልነበረም። የጎደለው ዝርዝሩ ነው። «የአፍሪካ ዲያቶሞች» የተባሉት በአፍሪካ የሚኖሩት ሁሉ ሳይሆኑ፣ እስከዚያን ቀን ሰው በአፍሪካ ሄዶ ያያቸው ብቻ ነበሩ። የስርጭት ካርታ ስታዩ ይህን አስታውሱ። በካርታው ላይ ያለው ነጥብ «እዚህ አለ» ማለት ነው። ባዶው ቦታ ግን «እዚህ የለም» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ «እዚህ ማንም ጎንበስ ብሎ አላየም» ማለት ነው።

የበርበራው ሽማግሌ ንግግር የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። እኛ ያየነው የታኅሣሥን ባሕር ብቻ ነው። ይህ ባሕር ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ነፋሱ ይገለበጣል። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በሐጋ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከነፋሱ ጋር የውሃው ሙቀትና ምግብ፣ በውስጡም የሚበዛው ዲያቶም ይለወጣል። ድሮ ከሐረርና ከኦጋዴን ቅፍለት የሚወርድበት የበርበራ ገበያ እንኳን የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ጀልባዎቹ ይሄዳሉ፣ ከተማዋም ባዶ ትሆናለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ በጥሩው ወቅት መጥቶ በጥሩው ወቅት ከሄደ፣ የሌላውን ወቅት ባሕር የሚያውቁት እዚያው የሚከርሙት ብቻ ናቸው። የኛ ልጆች እዚህ የሚከርሙ ናቸው። ጠያቂዋ ተማሪዬን ያስደሰታት ከሁሉ ይልቅ ይህ ይመስለኛል። ተወላጅ ናት፣ መጤ ናት የሚለውን አልመለስንላትም። «እንግዲያው እስኪታወቅ ድረስ መጤ ናት ማለት አይቻልም፣ አይደል?» አለች። አይቻልም አልኋት። እስከዚያው የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚህ ተገኝታለች።

በወላጆች ቀን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንዲህ የሚል ነው። «ኮሲኖዲስከስ፤ ዝርያው ገና ያልተለየ። ስፋት 200 ማይክሮሜትር ያህል። የተገኘበት ቦታ በርበራ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዳርቻ። የተገኘበት ወር ታኅሣሥ። ሰብሳቢዎች የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች።» ከሥሩ ስማቸው በሙሉ ተዘርዝሯል። አንድ አባት አነበቡና «ገና ያልተለየ ምን ማለት ነው? አልቻላችሁም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ ለመስጠት አፌን ከመክፈቴ በፊት ያ እስክሪብቶውን የከተተው ልጅ ቀደመኝ። «አባባ፣ ያየነውን ብቻ ነው የጻፍነው። ነገ ሌላ ሰው የተሻለ ማይክሮስኮፕ ይዞ ቢመጣ ከየት እንዳመጣናት ያውቃል» አላቸው። አባትየው ጥቂት አሰቡና «እንዲህማ ከሆነ ደህና ምስክር ናችሁ» አሉት።

ከሰብሳቢዎቹ ሁለቱ አሁን ከኛ ጋር የሉም። የአንዱ ቤተሰብ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ወደ አገር ቤት ተመለሰ፣ ሌላዋ ወደ ሌላ አገር ሄደች። በማኅበረሰባችን ይህ የተለመደ ነው፤ በየዓመቱ የስም መጥሪያው ላይ የሚሰረዝና የሚጨመር ስም አለ። በዚያ መግለጫ ላይ ግን ስማቸው አይሰረዝም። በዚያ ታኅሣሥ፣ በዚያ ባሕር ውስጥ ቆመው ነበር፣ ያንንም አይተዋል። ከየትም ይምጡ፣ የትም ይሂዱ፣ ይህ ሐቅ ነው።

ናሙናው ያለበት መስታወት በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተቀምጧል። መግለጫው ተለጥፎበታል። የተረፈው ውሃም በአዮዲን እንደተጠበቀ ከጎኑ አለ። መረቡ ታጥቦ ደርቋል፤ የሰፉልን እናት ቀዳዳ ቢያበጅ አምጡልኝ ብለዋል። ለሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍሎች የምተወው የቤት ሥራ አንድ ነው። ነፋሱ ሳይበርድ፣ ትምህርት እንደተከፈተ፣ መስከረም መግቢያ ላይ ከዳርቻው ሳትርቁ አንድ ጠርሙስ አምጡልን። ወላጆች፣ ስለ ሚኒባሱ ከአሁኑ ተመካከሩበት። መግለጫው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ስማችሁን መጻፍ እንዳትረሱ።